ታሪክን በእጅ ማስተማር፦ ቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆች ምን ሠራችሁላቸው?

የጣና ዳር እናት
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቂቱ 11፣ ታናሹ 8 ዓመታቸው ነው። ልጄ በመተንፈሻ ሕመም ምክንያት ትምህርቷን ደጋግማ ስላቋረጠች፣ ከአባቷ ጋር መክረን ሁለቱንም ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርን ይህ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ሒሳቡንም ሳይንሱንም እንደ አቅማችን እየተወጣነው ነው፤ ያስቸገረን ታሪክ ነው። ምዕራፉን ከፍቼ አነብላቸዋለሁ፣ እነርሱም የነገሥታቱን ስምና ዘመን እየተቀባበሉ ይወጡልኛል፤ በሳምንቱ ስጠይቃቸው ግን ዐፄ ፋሲልና ዐፄ ቴዎድሮስ የአንድ ዘመን ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። ጥፋቱ ከእኔ አስተማሪነት እንጂ ከእነርሱ እንዳልሆነ የገባኝ፣ ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ ድሮ ማለት ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ 21 ሜትር የቃጫ ገመድ ገዛሁና በግቢያችን አጥር ዙሪያ ወጠርነው። አንዱ ሜትር መቶ ዓመት፣ አንዱ ሳንቲ ሜትር አንድ ዓመት ሆነ። ልጆቹ በሜትር እየለኩ፣ ለእያንዳንዱ ነገር ቀይ ጨርቅ እየቋጠሩ ሄዱ፦ የዐፄ ይኩኖ አምላክ መንገሥ በ1262፣ የጎንደር መቆርቆር በ1628፣ የዓድዋ ድል በ1888። የጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ድረስ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ልጄ በማስመሪያ ለክታ ባየች ጊዜ ብዙ ዝም አለች፤ ከቅድመ አያቷ ስለ አርበኞቹና ስለ ስደቱ የሰማችው ሁሉ በሦስት ጣት ስፋት ውስጥ መግባቱ ከብዷት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የዘመን ቅደም ተከተል አልተሳሳቱብኝም።

ይሁን እንጂ ገመዱ ራሱ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ከዐፄ ኢዛና ቋጠሮ እስከ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ቋጠሮ ድረስ ዘጠኝ ሜትር ያህል ባዶ ገመድ አለ። ትንሹ ልጄ በዚያ በኩል እየተመላለሰ «እዚህ ጋ ሰው አልነበረም?» አለኝ፤ የምመልስለት አጣሁ። ስለዚህ ልምድ ያላችሁን ወላጆችና መምህራን የምጠይቀው ይህን ነው። በእጅ እየተሠራ ታሪክን የሚያስረዳ ምን አደረጋችሁ? ሥራው ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ጨዋታ ብቻ እንዳይሆን እንዴት ጠበቃችሁት? ባዶውን ገመድስ ምን ላድርገው?

መምህር በጡረታ
ጥቅምት 5 ቀን

የተከበሩ እህቴ፣ ገመዱን እጅግ ወደድኩት። ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪ የሚወድቀው ስም በመርሳት ሳይሆን የዘመን ርቀት ስለማይሰማው መሆኑን አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎ፦ በገመዱ መነሻ ላይ የምትጠቀሙት የዘመን አቆጣጠር የእኛ መሆኑን በግልጽ ጽፋችሁ አንጠልጥሉ። ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ ዓመት ሳይቀነስ ከተቋጠረ ቋጠሮው 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች የሚለውና በ1636 ተቆረቆረች የሚለው ልጅ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚያ ይረዳሉ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ እኔ ሁልጊዜ አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው «ይህ የእጅ ሥራ ባይኖር ልጁ ምን ሳያውቅ ይቀር ነበር?» ብዬ ነው። ከካርቶን ዘውድ ቆርጦ ራሱ ላይ የሚደፋ ልጅ መቀስ መያዝ ይማር ይሆናል እንጂ ስለ ንግሥና የሚያውቀው አይጨምርም። የአክሱምን ሳንቲም ግን ተመልከቱት። የዐፄ ኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ጨረቃና ክብ ምልክት አላቸው፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የታተሙት ግን መስቀል ይዘዋል። ድንች ለሁለት ቆርጣችሁ በአንዱ ላይ ጨረቃና ክብ፣ በሌላው ላይ መስቀል ቅረጹ፤ በጭቃ ላይ እያተማችሁ ሃያ ያህል ሳንቲም ሠርታችሁ በፀሐይ አድርቁ። ከዚያ በግቢው አፈር ውስጥ ጨረቃ ያለባቸውን ከታች፣ መስቀል ያለባቸውን ከላይ ቅበሩና ታሪኩን ያልሰማ የጎረቤት ልጅ ቆፍሮ ያውጣቸው። ምንም መጽሐፍ ሳያነብ በዚያ አገር ምን እንደ ተለወጠ፣ የቱም እንደሚቀድም ይንገራችሁ። ልጁ የታሪክ ሰው በማስረጃ እንዴት እንደሚያስብ በእጁ ያውቀዋል፤ ይህንን ደግሞ በንባብ ብቻ አያገኘውም።

ባዶው ገመድ እንደሚመስለው ባዶ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ዘምተዋል፤ ከይኩኖ አምላክ በፊትም የዛጉዌ ነገሥታትና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እነዚህን ከቋጠራችሁ በኋላ የሚተርፈውን ክፍተት ግን ለመሙላት አትቸኩሉ። የጽሑፍ ማስረጃ የሳሳበት ዘመን መሆኑን ለልጁ በቀጥታ ይንገሩት።

የሁለት ወንዶች አባት
ጥቅምት 5 ቀን

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በየካቲት 23 ልጆቼንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ የዓድዋን ጦርነት እናሳያለን። ግማሾቹ ጣሊያን፣ ግማሾቹ የእኛ ሰዎች ሆነው፣ የእንጨት ጦርና የቆርቆሮ ጋሻ ይዘው ከፎቁ ጀርባ ባለው ሜዳ ይጋጠማሉ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ቀን ነው።

መምህር በጡረታ
ጥቅምት 6 ቀን

ወንድሜ፣ የልጆቹን ጉጉት አልንቅም፤ ነገር ግን በዚህ አልስማማም። በእንጨት ጦር የተጋጠመ ልጅ ስለ ዓድዋ የሚያውቀው መሮጥና መጮኽን ነው። ጦርነቱ ለምን እንደ ተነሣ፣ ሠራዊቱ ምን እየበላ እንደ ሰነበተ፣ ከተዋጊው ኋላ የነበሩት ሴቶች ምን እንደ ሠሩ ከዚያ ሜዳ ላይ አይገኝም። ደግሞም ባለንበት ጊዜ ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ያደጉ ናቸውና መዋጋትን በጨዋታ ማሳየት ለእኔ ይከብደኛል።

በምትኩ የውጫሌን ውል ብታሠራቸውስ? ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚጻጻፉበት ጊዜ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይላል፤ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ ያደርገዋል። ሁለቱ ልጆችህ በሁለት ክፍል ተቀምጠው ስለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ብስክሌት፣ ውል ይጻፉ፤ የአንዱ ቅጂ «መውሰድ ይችላል»፣ የሌላው «መውሰድ አለበት» የሚል ይሁን። ከፈረሙ በኋላ ጮክ ብለው ያንብቡት። ጠቡ ከየት እንደ ተነሣ ያኔ በደንብ ይገባቸዋል።

የሁለት ወንዶች አባት
ጥቅምት 12 ቀን

መምህር፣ የተናገሩት ለጊዜው ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ አሁን ግን አመሰግንዎታለሁ። የብስክሌቱ ውል በቤታችን እውነተኛ ክርክር አስነሣ፤ ታናሽየው «አልፈረምኩም» እስከ ማለት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ ምግቡ ያነሡት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ ስንቅ አዘጋጀች፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የስንዴ ቆሎ። ልጆቹ የሦስት ቀን ስንቃቸውን ራሳቸው መዝነው በጀርባቸው ተሸክመው ከቤታችን እስከ ቤዛዊት ኮረብታ በእግራቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ሒሳብ ሠራን። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ይበላል ብንል፣ ወደ መቶ ሺህ ለሚጠጋ ሠራዊት በቀን 50 ሺህ ኪሎ፣ ማለትም 500 ኩንታል ያስፈልጋል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ብትችል ለአንድ ቀን ብቻ 500 በቅሎ ነው። ታላቁ ልጄ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ታዲያ ለስንት ቀን ቆዩ?» አለኝ። ሠራዊቱ በመስከረም 1888 በታወጀው አዋጅ ተነሥቶ፣ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ተዋግቶ፣ በጥር መቀሌን አስለቅቆ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ሜዳ ላይ መሰንበቱን አስረዳሁት። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ እንደ ነበር ስነግረው፣ ጦርነቱ በዚያ ሳምንት የሆነበትን ምክንያት ራሱ ተናገረው። በእንጨቱ ጦር ሦስት ዓመት ስናሳየው ያላሰበው ነገር ነው። በዓሉን ዘንድሮም እናከብራለን፤ ጦሩ ግን ይቀራል።

እሙ ሰልማ
ጥቅምት 13 ቀን

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ለሁላችሁም። እህቴ የጣና ዳር እናት፣ የልጅሽን ጥያቄ ለልጄ ለሰልማ አነበብኩላት፤ ወዲያው «እኛ የምንቋጥረው አለን» አለች። በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በእኛ በ607 ዓ.ም. ገደማ፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠልለዋል። እኛ አስሐማ አል ነጃሺ እንለዋለን። ስለዚህ ከገመድሽ መነሻ 6 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ብታስሪ ልጅሽ ባዶ ባለው ስፍራ እንግዳ የተቀበሉ ሰዎችን ያገኛል።

ሌላ የማሳስበው አለ። ገመዱ ወደ 1521 እና 1535 ሲደርስ በሽምብራ ኩሬና በወይና ደጋ የተደረጉት ጦርነቶች አሉ። የሁለተኛው ስፍራ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ከእኛው ሰማይ በታች ነው። በእኛ ቤት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እንላለን፤ በጎረቤቶቻችን ቤት ግራኝ ይባላል። ልጆቻችን ግን በአንድ ግቢ አብረው ይማራሉ። እኔ ያደረግሁት፣ ጦርነቱን ከመዘርዘር ይልቅ ሁለት ወረቀት ለጥፌ በአንደኛው የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ፣ በሌላው የኢማሙ ጸሐፊ ቢሆኑ ያንኑ ቀን እንዴት እንደሚጽፉት ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ሰልማ የቤተ መንግሥቱን፣ የጎረቤቴ ልጅ የኢማሙን ወገን እንዲጽፉ አደረግሁ። የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያንም የሞተው ሰውም በሁለቱም ወረቀት ላይ ይኑር አልኳቸው እንጂ ምንም ነገር አላስወጣሁም። ይህን አስተማሪ የሌለበት ሜዳ ላይ መተው አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ አዋቂ አጠገባቸው ይቀመጥ።

የጣና ዳር እናት
ጥቅምት 13 ቀን

እሙ ሰልማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አረንጓዴውን ጨርቅ ዛሬ ከሰዓት ልጄ ራሱ ለክቶ አሰረው፤ ከዚያ ተነሥቶ ደግሞ በ518 አካባቢ የካሌብን አሰረ። አሁን ያ በኩል ከየትኛውም ይልቅ የሚወደው ሆኗል።

የዘጌ ልጅ
ጥቅምት 15 ቀን

ከዘጌ እጽፋለሁ። እዚህ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያዩ የሚመጡ ልጆች ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያያሉ፣ ይደነቃሉ፣ ይመለሳሉ። ግን መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በእነዚህ ገዳማትና ደሴቶች ለምን ተጠበቁ የሚለውን ሲጠይቅ የሰማሁት ልጅ ጥቂት ነው። የእኔ ምክር ታንኳ ሥሩ ነው። ደንገል ከሐይቁ ዳር ታገኛላችሁ፤ አጭዳችሁ በፀሐይ አድርቁት፣ በእስር በእስር አድርጋችሁ የክንድ ርዝመት ያላት ትንሽ ታንኳ እሰሩ። መጀመሪያ በደረቁ መዝኗት፣ በገንዳ ውኃ ላይ አስቀምጡ፣ ድንጋይ እየጨመራችሁ ስንት እንደምትችል መዝግቡ፤ ከአንድ ቀን በኋላ እንደገና መዝኗት። ውኃ ጠጥታ ከብዳ ታገኟታላችሁ። ዓሣ አጥማጆቻችን ሥራ ሲጨርሱ ታንኳቸውን ወደ ዳር አውጥተው አቁመው የሚያደርቁት ለዚህ ነው።

ታንኳ የሠራ ልጅ፣ ፈረሰኛ ጦር ይዞ የመጣ ሰው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ለምን እንደሚቸገር፣ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰለ ደሴት የነገሥታት አፅም ማረፊያ የሆነው ለምን እንደ ሆነ ያስባል። ታንኳ መሥራትን ያቆዩልን የሐይቁ ዳር የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች መሆናቸውንም ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ከተቻለም ከሚሠራው ሰው ዘንድ ወስዳችሁ አስቀምጧቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ እነርሱን በንቀት ሲጠሯቸው እሰማ ነበርና ይህ ነገር ይቆረቁረኛል።

ከደብረ ታቦር
ጥቅምት 16 ቀን

በአጭሩ ልጨምር። ጋፋት ከከተማችን ወጣ ብሎ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በጆንያ ሞልታችሁ፣ በሳንቃ ላይ አስራችሁ፣ ልጆቹ በጠፍር አቀበት ላይ ይጎትቱት። ከዚያ 140 ጆንያ አንድ ላይ ያስቡ። የእኔዎቹ ወዲያው የጠየቁት «መንገዱን ማን ሠራው?» ብለው ነው፤ የዘመቻው ዋና ጉዳይም እርሱ ነበር።

ቀድሞ ቁም ጸሐፊ
ጥቅምት 19 ቀን

ይህን ክር ዘግይቼ ነው ያየሁት። ብራናን ማንም አለማንሣቱ አስገርሞኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንድ የፍየል ቆዳ ከሚታረድበት ቤት በርካሽ ይገኛል። ጠባሳና ቀዳዳ የሌለበትን ምረጡ። ውኃ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በአራት ማዕዘን የእንጨት መወጠሪያ ላይ ጠርዙ እየተበሳ በገመድ ይወጠራል። መወጠሩ ላይ አትቸኩሉ፤ አንዱ ጎን ከላላ ብራናው ሲደርቅ ይጨማደዳል። መጀመሪያ የሥጋው ወገን በቢላ ይፋቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የፀጉሩ ወገን ይፋቃል፤ በመጨረሻ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ቢላውን አዋቂ ይያዝ፤ ማሸቱን ልጆች ይችሉታል። መስመሩ በወስፌ ጀርባ ይሰመራል እንጂ በቀለም አይደለም። ለጥቁሩ ቀለም የድስት ጥላሸት ከሙጫ ጋር በጥብጡ፣ ብዕሩን ከመቃ ቅረጹ።

ልጁ በዚህ ብራና ላይ ስሙንና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በቀስታ፣ እያንዳንዱን ፊደል ቁሞ። አንድ ገጽ ስንት ሰዓት እንደ ወሰደበት ይመዝግብ። ቀጥሎ ከዚህ አንድ ቆዳ ስንት ቅጠል እንደ ወጣ ይቁጠር፤ ለሁለት መቶ ቅጠል መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚያስፈልግ ያስላ። መጽሐፍ ለምን በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ እንደ ነበር፣ አንድ መንደር ለምን አንድ ዳዊት ብቻ ሊኖረው እንደሚችል፣ ከመቅደላ መጻሕፍት ተጭነው ሲሄዱ ምን እንደ ጠፋን ከዚያ በኋላ ብትነግሩት ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። እኔ የመጀመሪያዬን ብራና ያበላሸሁ ዕለት አልቅሻለሁ፤ ልጆቻችሁም ቢያበላሹ አትቆጧቸው፣ የተቀደደውን ሰፍተው ይጻፉበት። በጥንት መጻሕፍትም ውስጥ የተሰፋ ብራና ብዙ ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ
ጥቅምት 20 ቀን

ሁሉም ስለ ሩቁ ዘመን ጻፈ፤ ገመዱ እኮ 20 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ባሕር ዳር ራሷ አለች። እናቴ ለብዙ ዓመታት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠርታለች። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ስለዚህ በገመዱ ላይ ከወረራው 5 ሳንቲ ሜትር እስከ ፋብሪካው ድረስ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው። ልጄ አያቷን ጠይቃ የሥራ ቀኗን ከንጋት ጀምሮ ጻፈች፣ ከዚያም አያቷ ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍ፣ በእንዝርት መፍተል አሳየቻት። ልጄ በአንድ ከሰዓት የፈተለችው ክር ነጠላ ጥለት እንኳ አይሞላም ነበር። አያቷ ፋብሪካ ገብታ መጀመሪያ ማሽኑን ባየች ጊዜ የተሰማትን የነገረቻት ያኔ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ሰምቼው አላውቅም።

የጣና ዳር እናት
ኅዳር 7 ቀን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግነውንና ያልተሳካልንን ልንገራችሁ።

ሳንቲሞቹ በጣም ተሳክተዋል። ታንኳዋን የዓሣ አጥማጅ ጎረቤታችን አሰረልን፤ በአንድ ቀን ውስጥ ክብደቷ በጣም ስለ ጨመረ ትንሹ ልጄ አሁንም ፀሐይ ላይ እያቆመ ያደርቃታል። ስለ ውሉ ግን የእኔ ልጆች አልተጣሉም፤ «እንዲያውም ብስክሌቱን አብረን እንነዳዋለን» ብለው አለፉት፤ ለእኔ ትምህርቱ ሳይሆን ቢቀርም ደስ ብሎኛል።

አንድ የራሳችንን ጨምረናል። ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ልጆቹ በእርምጃቸው ለኩት። አስጎብኚው ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራና በእንቁላል ነው ሲል ልጄ «እንዴት ታወቀ?» አለችው። መምህር፣ ይህ ጥያቄ የእርስዎ ነው። ቤት ስንመለስ ሦስት ጥንድ ጠጠር አያያዝን፦ አንዱን በኖራና አሸዋ፣ አንዱን እንቁላል ጨምረን፣ አንዱን በጭቃ ብቻ። ኖራውን እኔ ነኝ ያቦካሁት፣ ዓይን ይጎዳልና ልጆቹ ርቀው ቆሙ። አንድ ወር እንዲደርቅ አስቀምጠነዋል፤ ኅዳር 30 ቀን ውኃ ውስጥ ከተን የትኛው እንደሚላቀቅ እናያለን። ልጄ አስቀድማ ጽፋ ያስቀመጠችው ግምት በፖስታ ታሽጓል። ውጤቱ ስለ ድልድዩ ሊመሰክር እንደማይችል፣ እንቁላል በኖራ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ብቻ እንደሚነግራት ራሷ ነው ያለችው።

ያልተሳካው ብራናው ነው። ቆዳው መወጠሪያው ላይ ከዋለ አምስት ቀኑ ሲሆን አንዱ ጥግ ጠቁሯል፣ ሽታውም ጎረቤት አስቸገረ። ወንድሜ ቀድሞ ቁም ጸሐፊ፣ ልጣለው ወይስ ይተርፋል?

ቀድሞ ቁም ጸሐፊ
ኅዳር 7 ቀን

እህቴ፣ አይጣል። የጠቆረው ጥግ ላይ ሥጋ ሳይፋቅ የቀረ ይመስለኛል፤ ከውጥሩ ፈትታችሁ ያንን ጥግ ቆርጣችሁ አውጡት፣ የቀረውን ለአንድ ሌሊት በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፋችሁ እንደገና ወጥሩና በሁለት በኩል ፋቁት። ጥላ ውስጥ አታድርቁት፤ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አቁሙት። ቅዳሜ ወደ ሽምብጥ የምመጣበት ጉዳይ አለኝ፣ ከፈቀዳችሁ መፋቂያዬን ይዤ ብቅ እላለሁ።